ለአበጀ የሸጥሁት ጡሩምባ

ይኸ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለንስሐ አባቴ ስንቱን ተናዝዣለሁ፤ የሰው ድንበር መግፋቴን፣ በጾም ወተት መቅመሴን፣ ቅዳሴ መኻል ቆሜ ማንቀላፋቴን። ይኸን ግን በጥርሴ ነክሼ ይዤው ኖርሁ። ለባለቤቴም አልነገርሁም። ለእሷማ እንዴት ብዬ? የነገሩ ሥር ራሷ ናት።

ፊደል የቆጠርሁት ጎልምሼ ነው፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ከገዛ ልጆቼ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ። ስለዚህ ጽሕፈቴ ቢወላገድ አትፍረድብኝ። በሌላው ግን ፍረድ። አንተ ይኸን የምታነብ ሰው፣ መስቀል በእጅህ ባትይዝም ዛሬ የምናዘዘው ለአንተ ነው።

እኔ የተበላሸ ድምፅ ማጉያ፣ መበላሸቱን እያወቅሁ፣ ለአንድ ጨዋ ሰው ሸጥሁ። ይኸ አንድ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሲጠይቁኝ ደግሞ ዋሸሁ። መሸጡስ የነጋዴ ነውር ነው፤ ስንቱ ያደርገዋል። መዋሸቴን ምን እበለው?

ያን ጊዜ፣ በስልሳዎቹ መጀመሪያ፣ ጎረምሳ ነበርሁ። ፍኖተ ሰላም ገበያ ጆንያ አንጥፌ አሮጌ ዕቃ እሸጣለሁ። የእጅ ባትሪ፣ ፋኖስ፣ አጥንቱ የወጣ ዣንጥላ፣ አንድ እግሩ የጠፋ መነጽር። ከቡሬ እስከ ማንኩሳ በእግሬ እዞር ነበር። ዕቃዬ ባያምር ምላሴ ያምራል። «ያ ሰውዬ ለእንቁራሪት ውኃ ይሸጣል» ይሉኝ ነበር፤ እኔም እንደ ሹመት ቆጥሬው ደረቴን እነፋለሁ።

አንድ ቀን ቡሬ ላይ በመኪና እየዞረ ሳሙና የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። ሳሙናውን የሚያሞግስበት ድምፅ ማጉያ ነበረው። ትልቅ ነገር እንዳይመስልህ። በማኅደሩ የተንጠለጠለ ዳዊት የሚያህል ሣጥን ነው፤ በጠፍር ትከሻ ላይ ይነገታል። ከፊቱ የቆርቆሮ ጡሩምባ ተተክሎበታል፤ ጎኑ ላይ በገመድ የታሰረች፣ ጡጫ የምታህል መናገሪያ አለችው። ሆዱ ባትሪ ድንጋይ ይበላል። ተናገርህበት እንደሁ ያችው የአንተ ድምፅ የጎልያድ ሆና ትወጣለች።

ሳሙና ሻጩ አዲስ ስለገዛ ይኸን በርካሽ ጣለልኝ። ሰውየው ሐቀኛ ነበር፤ ጉድለቱን አልደበቀኝም።

«ስማኝ ወንድሜ» አለኝ። «ፀሐይ መትቶት የጋለ እንደሁ ማጥፊያው አይታዘዝም። አጠፋሁት ስትል በርቶ ይቆያል። በዚያ ላይ መናገሪያውን ጡሩምባው ፊት ያስቀመጥኸው እንደሁ ራሱን በራሱ ይጮኻል።»

«ምን ብሎ ይጮኻል?»

«ኡኡ ብሎ ነዋ! ባሏ የሞተባት ሴት ነው የሚመስለው። እኔን እንኳ ስንት ቀን አስደንግጦኛል።»

ልብ በል። እሱ ነገረኝ፣ እኔ ሰማሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም፤ ሰምቼ ስቄአለሁ።

በሚቀጥለው ገበያ አበጀ መጣ። አበጀ የማንኩሳ ሰው ነው፤ ከማንኩሳ ቁልቁል ወርዶ ወንዝ ዳር በቆሎ ያርሳል። ዕድሜው እንደኔ ነው፤ ቁመቱ ግን ማገር ይሆናል። አገሩ ቆላ ቀመስ ስለሆነ ዝንጀሮ አያስቀምጠውም። በቆሎው እሸት ከያዘ ጀምሮ ማማ ላይ ወጥቶ ሲጮኽ ይውላል፤ ጮኾ ጮኾ ጉሮሮው ተዘግቶ፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ እንደ ጫጩት ነበር የሚናገረው።

«ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ፣ በጭንቅ።

መናገሪያዋን አንሥቼ «የማንኩሳ ዝንጀሮ ሆይ! ቀንሽ ደረሰ!» ብዬ ለቀቅሁት። ገበያተኛው ሁሉ ዞረ። የአንዲት ሴትዮ አህያ ከነጭነቷ ፈረጠጠች፤ ሴትዮዋም እየረገመችኝ ተከተለቻት።

የአበጀ ዓይን በራ። «ዝንጀሮ ይፈራዋል?»

«ዝንጀሮ? ነብር ይፈራዋል።»

«ዘንድሮ እህሌ መዳን አለበት ወንድሜ። ጥር ላይ ሰርጌ ነው። የጭቃ ሹም እሸቴን ልጅ፣ ሻረግን፣ ሽማግሌ ልኬ ሰጥተውኛል። ዝንጀሮ በቆሎዬን ከበላው በምን እደግሳለሁ? አይበላሽም ይኸ ነገር?»

«ምን ሆኖ ይበላሻል! እኔ ነኝ ዋሱ።»

እኔ ነኝ ዋሱ። በዚች ቃል ስንት ዓመት እንቅልፍ አጣሁ። ዋስ ነኝ አልሁት፤ ጉድለቱን ግን አልነገርሁትም። ጥሬ ገንዘብ ስላልነበረው በጊደር ተስማማን። ጥቁር ጊደር፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት። እሱ ጡሩምባውን እንደ ታቦት ተሸክሞ ሄደ፤ እኔ ጊደሯን ነዳሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አገሩ ሁሉ ሺህ ጊዜ ያወራው ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለአበጀ ደስታ ነበሩ። ማማው ላይ ሆኖ አንዴ «ሆ!» ሲል የዝንጀሮው መንጋ ተተራምሶ ገደል ይገባል። አበጀም ጠገበ። ከወንዙ ማዶ የአማቱ የጭቃ ሹም እሸቴ ቤት ነው፤ በየጥዋቱ ጡሩምባውን ወደዚያ እያዞረ ይጮኻል።

«ጭቃ ሹም! እንደምን አደሩ!»

ጭቃ ሹሙ በጣሊያን ጊዜ በረሃ የከረሙ፣ ሁለት ጊዜ የቆሰሉ፣ ቁጡ ሽማግሌ ናቸው። ከቤታቸው ደጅ ወጥተው፣ ያለ ጡሩምባ፣ በገዛ ጉሮሯቸው ይመልሱለታል።

«እግዚአብሔር ይመስገን! አንተ ግን ሰላምታህን ወንዝ ተሻግረህ ብትሰጥ ምን ነበረበት? ዶሮዎቼ እንቁላል መጣል ተዉ!»

ከዚያ መስከረም ገባና ፀሐዩ በረታ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ አበጀ ጡሩምባውን አጥፍቶ፣ አጠፋሁት ብሎ ማለት ነው፣ ማማው ላይ አስቀመጠው። መናገሪያዋን ደግሞ እንዳትወድቅ ብሎ ጡሩምባው አፍ ላይ አንጠለጠላት። ከዚያ ገላውን ሊታጠብ ወንዝ ወረደ። ፀሐዩ ሣጥኑን አጋለው። እኔ የማውቀው፣ እሱ የማያውቀው ነገር ደረሰ። ጡሩምባው ጮኸ።

ኡኡኡኡኡ!

በእኛ አገር ኡኡታ ቀልድ አይደለም። ኡኡ ሲባል የሰማ ወንድ ማረሻውን ጥሎ፣ ጉርሻውን ተፍቶ ይሮጣል። ማን እንደጮኸ፣ በምን እንደጮኸ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ይደርሳል። ሰምቶ የቀረ ሰው ከዚያ ወዲያ ማኅበር መኻል አፉን አይከፍትም። ኡኡ ማለት ደግሞ የሴት ነው። ወንድ «ያዘው!» ይላል፣ «በለው!» ይላል እንጂ ኡኡ አይልም።

ሁለት አጥቢያ ሕዝብ ተነሣ። ጭቃ ሹም እሸቴ ምንሽራቸውን ይዘው ወንዙን ተሻገሩ። ቄሱ መቋሚያቸውን እንደያዙ መጡ። ጦር የያዘ፣ ዱላ የያዘ፣ መንሽ የያዘ፣ ሁሉም በአበጀ በቆሎ ላይ ተመመ። ዝንጀሮ በወር የማይጨርሰውን እህል ሰው በአንድ ሩጫ ዱቄት አደረገው። ዝንጀሮዎቹ አፋፉ ላይ ተደርድረው ያያሉ አሉ። በሰው ግፊያ ማማው ተንገዳገደ፤ ጡሩምባው መሬት ላይ ተከሰከሰና ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣውም።

በዚህ መኻል ነው አበጀ ከወንዝ የወጣው። እርጥብ ጋቢ ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ ውኃው ከፀጉሩ እየተንጠባጠበ፣ ባዶ እጁን ይሮጣል።

«የት ነው? ማን ተነካ? መጣሁ! መጣሁ!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

«አንተው ነህ እንጂ የጮኽኸው!» አሉት።

«እኔ? እኔማ ሰምቼ መምጣቴ ነው!»

«ጩኸቱ የወጣው ካንተ ማማ፣ ካንተ ጡሩምባ ነው። ዝንጀሮ አይተህ ኡኡ ብለህ፣ ሮጠህ ወንዝ ገባህ!»

«ኧረ አልጮኽሁም! ዕቃው ይሆናል የጮኸው!»

እስኪ አስበው። ዕቃው ጮኸ ቢል ማን ያምነዋል? ልባቸውን ሲቀጠቅጠው የነበረው ድንጋጤ በሣቅ ወጣላቸው። «ዕቃው ፈራ!» እያሉ ተንከባለሉ። አንዱ ቀልደኛ እዚያው «አበጀ ኡኡ» አለው። ስሙ ሆኖ ቀረ።

ጭቃ ሹም ግን አልሣቁም። ለዝንጀሮ ኡኡ ያለ ሰው ልጃቸውን ሊያገባ? ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገሩን እንዲያዩት አደረጉ። አበጀም «ሻጩ ይጠየቅ» አለ። «ጨዋ ሰው ነው፤ ዋስ ሆኖኛል።» እንዲህ አለ። እኔን ጨዋ ነው ብሎ፣ እኔን ተስፋ አድርጎ ጠራኝ።

አሁን በደንብ ስማኝ። ጥሪው ሲደርሰኝ ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ጮኾ ነው አልሁ በልቤ። እውነቱን ልናገርም ቆረጥሁ። የምሬን ነው። ጊደሯን ልመልስለት ከበረት ፈትቼ፣ እየነዳኋት ነው ማንኩሳ ድረስ የሄድሁት። ይኸን የምነግርህ እንድታዝንልኝ አይደለም። እንዲያውም ይብስብኛል። ቀና መንገድ ይዞ ደርሶ፣ ደጅ ላይ የተጠማዘዘ ሰው ነኝ።

ሽማግሌዎቹ ጭቃ ሹም ግቢ ዋርካ ሥር ተቀምጠዋል። አበጀ ከፊታቸው ቆሟል፤ ሲያየኝ ፊቱ ፈካ። ጊደሯን አሰርሁና ተቀመጥሁ። ያን ጊዜ አንዲት ሴት ጠላ በሽክና ይዛ መጣች። ኋላ እንደሰማሁት ፈት ናት፤ የመጀመሪያ ባሏን «ያንኮራፋል» ብላ ፈትታ የተመለሰች። ዓይኗ ሲያይህ ኪስህን የሚፈትሽ ይመስላል።

«ይጠጡ እንጂ» አለችኝ። «ምስክር ጉሮሮው ሲደርቅ ይዋሻል ይባላል።»

ተቀበልሁ፣ ጠጣሁ። ጉሮሮዬ ረጠበ። አንጎሌ ግን ደረቀ።

«ሻረግ፣ ለቄሱም ጨምሪ» አሏት ጭቃ ሹም። ሻረግ መሆኗን ያወቅሁት ያኔ ነው። የአበጀ ሻረግ። ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ጋለ፤ ማጥፊያውም አልታዘዝ አለኝ።

ጭቃ ሹም ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ሻጩ አንተ ነህ። ይኸ ዕቃ ሰው ሳይነካው ይጮኻል? እንዲያው በእውነት ተናገር።»

ሻረግ ባዶ ሽክናዋን ይዛ ቆማለች። አበጀ ያየኛል። ጊደሯ እንኳ የምታየኝ መሰለኝ።

«ሰው ካልተናገረበት በምን አፉ ይጮኻል?» አልሁ። «ዕቃ አይደለም እንዴ?»

ይኸው። አልሁት። እኔ አልሁት፤ ሌላ ሰው በአፌ አልገባም። ለጊደሯ ብዬ ነው? ጊደሯንማ ልመልስ መጥቻለሁ። ለስሜ ብዬ ነው? የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ምን ስም አለው? ለእሷ ብዬ ነው። ስሟን ካወቅሁ ጉርሻ እንኳ የምታህል ጊዜ ሳይሞላ፣ ለእሷ ብዬ ሰው ቀበርሁ።

ሽማግሌዎቹ ሣቁ። አንዱ «ይህስ ሰው ዋሽቶ ምን ይጠቀማል? ጊደሯን እንደሁ ቀድሞ ወስዷል» አሉ። ሌላው ደግሞ «ዛሬ ምነው ጊደሯን ይዘህ መጣህ?» ብለው ጠየቁኝ።

«የወንዝ ዳር ሣር ትጋጥ ብዬ ነው» አልሁ።

ከፍኖተ ሰላም ማንኩሳ ድረስ ጊደር ሣር ለማስጋጥ! ያንን እንኳ አመኑኝ። አበጀ አልተቆጣም። ቢቆጣ፣ ቢሰድበኝ፣ ዱላ ቢያነሣ በስንት ጣዕሙ። ዝግ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው «እኔ ግን አልጮኽሁም» አለ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ቀና ብሎ ወጥቶ ሄደ። እኔም ጊደሬን ነድቼ ተመለስሁ።

እጮኛነቱ በዚያው ቀን ፈረሰ። በዓመቱ እኔ ሽማግሌ ላክሁ።

የሆነውን ሁሉ ልንገርህ፤ ሻረግን አገባሁ። ፍኖተ ሰላምን ትቼ እዚሁ ማንኩሳ መሬት ይዤ ገበሬ ሆንሁ። ጊደሯ ላም ሆነች፤ ልጆቼ ሁሉ በእሷ ወተት አደጉ። ቤቴ ውስጥ ከዚያ ውሸት ያልተቀዳ ነገር የለም። ሻረግን አንዴ «ለምን እሺ አልሽኝ?» ብያት ነበር።

«ጅል ስለመሰልኸኝ ነው» አለችኝ። «ሰው እንዴት ሣር ፍለጋ ጊደር ይዞ ሽማግሌ ፊት ይመጣል? ጅል ሰው ደግሞ አይዋሽም ብዬ።»

ያን ቀን ከቤት ወጥቼ አጥር ሳጥር ዋልሁ። የሚታጠር አልነበረም።

አበጀስ? አበጀ ከቋሪት በኩል፣ ከገበዝ ማርያም፣ መልካም ሴት አገባ። ልጅ ወለደ፣ ከበረ። ባለቤቱ የዚያን ጡሩምባ ቆርቆሮ ነቅላ እህል ወደ ጆንያ መሙያ አደረገችው፤ ለዚህ ሥራ ጎበዝ ዕቃ ወጣው። ከእኔ ጋር አንድ ማኅበር እንጠጣለን፤ የምንቀመጠውም ጎን ለጎን ነው። አንድ ቀን እንኳ ክፉ ዓይን አላየሁበትም። ታዲያ ለምን አሁን ትናገራለህ ትለኛለህ። ሁሉም ደኅና ኖሮ የለም ወይ?

እኔም እንደዚያ እያልሁ ነው እዚህ የደረስሁት። ባለፈው ሚካኤል ግን ማኅበሩ ላይ አበጀ እየሣቀ ጆሮዬ አጠገብ መጣ።

«የልጅ ልጄ ተማሪ ቤት ተደባድቦ ጥርሱን አውልቆ መጣ።»

«ከማን ጋር? በምን?»

«‹የኡኡ ዘር› አሉታ! ‹አያቴ አልጮኸም› ብሎ ገጠማቸው።» ሣቀ፣ ሣቀና ተወው። «እኔ ግን ልጁን ‹አይዞህ፣ አልጮኽሁም› ልለው ብዬ አፌ እንቢ አለኝ። ወንድምዓለም፣ እውነቱን ብትጠይቀኝ እኔም እንጃ። ያ ሁሉ ሰው ሰምቷል። ሻጩ አንተ እንኳ ‹አይጮኽም› ብለሃል፤ አንተ ደግሞ ምን ቆርጦህ ትዋሸኛለህ? ጮኼ ይሆናል። ፈርቼ ጮኼ፣ በድንጋጤ ረስቼው ይሆናል።»

የያዝሁትን ጽዋ መሬት ላይ አስቀመጥሁ።

ስም መስረቄን አውቅ ነበር። እጮኛ መስረቄንም አውቅ ነበር። ይኸን ግን አላውቅም ነበር፤ ሰውየውን ከገዛ ራሱ ሰርቄዋለሁ። በዚያን ቀን «እኔ ግን አልጮኽሁም» ያለ ሰው ነበረ። እሱን ነው የገደልሁት። ከዚህ የበለጠ ምን ኃጢአት አለ? ጎረምሳ ነበርሁ ልበል? ፍቅር ያዘኝ ልበል? አልልም። ስንቱ ፍቅር ይዞት እውነት ተናግሯል።

እንግዲህ ይኸን ወረቀት ለመጪው ማኅበር ይዤ እሄዳለሁ። የኔ አፍ ስለማይታመን ዲያቆኑ ቆሞ ያነብበዋል። አበጀ ይኑር፣ ልጆቹ ይኑሩ፣ የልጅ ልጁም ይምጣ፣ ያ «የኡኡ ዘር» የሚል ሁሉ ይምጣ። ሻረግም ትኖራለች። ወይ ትሥቃለች፣ ወይ በጭልፋ ትለኛለች፤ ሁለቱም ሲያንሰኝ ነው። አንድ ነገር ግን ደረቅ ብዬ ልናገር፤ እሷን በማግባቴ አልጸጸትም። ለመጸጸት ሞክሬ አውቃለሁ፣ በጾምም በሱባዔም፤ አልመጣልህ አለኝ። ንስሐዬ በዚህ ጎኑ ጎዶሎ ከሆነ ጎዶሎውን ተቀበለው። አበጀ ላም ቢለኝ ላም እሰጠዋለሁ። ሻረግን ቢለኝ ግን አልሰጥም፤ እሷም እኔ ስላልኋት የምትሄድ ሴት አይደለችም።

አበጀ፣ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ ብዬ አላስጨንቅህም፤ እሱ ያንተ ነው። እኔ ያለብኝ አንዲት ነገር ማለት ብቻ ነው፤ ዲያቆን፣ ይችን ጮክ ብለህ አንብብ።

ጡሩምባው ነው የጮኸው። እንደሚጮኽ አውቅ ነበር። አንተ አልጮኽህም። ያን ቀን ሁሉም ጦርና ምንሽር ይዞ ሲመጣ፣ የማን መከራ እንደሆነ ሳታውቅ፣ በእርጥብ ጋቢ፣ ባዶ እጅህን «መጣሁ» እያልህ የሮጥህ ሰው አንተ ነህ።